የደጃች አዛናው ግንብና የአያ ቢያድግልኝ መልሶች

ዛሬ ጦጣ የነገሠበት፣ ከኮረብታው ጫፍ የፈረሰው ግንብ የደጃች አዛናው ነበር ይላሉ የአገራችን ሽማግሎች። ደጃች ከአማቻቸው ጋር ተጣልተው ኖሮ፣ ግንብ እሠራለሁ ብለው አገሩን ሁሉ ድንጋይ ተሸካሚ አደረጉት። ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም ጣለ፤ የሚያርስ ግን ጠፋ። ዘር ካለፈ ያው ረኃብ ነው። ሰዉ ቢጨንቀው ቀልደኛውን አያ ቢያድግልኝን፣ ደጃችን ደፍሮ የሚናገር ከእርስዎ በቀር የለምና ገበሬውን ያስለቅቁልን ብሎ ላካቸው።

አያ ዳገቱን እያለከለኩ ወጥተው ከበሩ ደረሱ። በሩ እጅግ ዝቅ ያለ ነው። በረኛው፣ ጠላት አንገቱን ለሰይፍ አመቻችቶ እንዲገባ ታስቦ የተሠራ ነው ሲል ተኩራራ። ደጃችም በዚሁ ነው የሚገቡት ብለው ቢጠይቁት፣ ሌላ በር የለም አላቸው።

«ተመስገን፤ አገር ሁሉ ያቃተውን ይህ በር ቻለው፤ ደጃችን ጎንበስ አሰኘ።»

ከግቢው ሲገቡ ዳኛው አንዲት ባልቴት ያፋጥጣሉ። ኖራው በእንቁላል ይለወስ ተብሎ በየቤቱ የእንቁላል ግብር ተጥሎ ነበርና፣ ዶሮዬ ታቅፋለች ብላ ሳታመጣ ቀርታ ነው። ዳኛው፣ ባጎደልሽው እንቁላል ግንቡ ቢፈርስ ማን ሊጠየቅ ነው እያሉ ዶሮዋን ሊወርሱባት ሆነ። አያ አላስችል አላቸው።

«እንቁላል ሲጎድልበት የሚፈርስ ከሆነማ፣ ጠላት ጦር ምን ያደርግለታል? ሸለምጥማጥ ይላክበት እንጂ።»

ሰው ሁሉ ስለሣቀ ዳኛው አፍረው ባልቴቷን ከነዶሮዋ ሰደዷት።

የደጃች አዛዥ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ሞሰብ የሚደብቅ ስስታም ነበር። አያን ይዞ በግድግዳው ላይ ያለችውን ጠባብ የጠመንጃ ቀዳዳ አሳያቸውና፣ በዚህች መጪውን ሁሉ እናያለን፣ እኛን ግን የሚያየን የለም አለ።

«አውቃታለሁ፤ በምሳ ሰዓት እርስዎ ቤት አይቻታለሁ።»

በመጨረሻ ከደጃች ፊት ቀረቡ። ደጃች በአንድ ወገን ገደሉን፣ በሌላው ድርብ ቅጥሩን እያሳዩ፣ ጠላቴ ይህን የሚሰብርበት መላ ካለ ንገረኝ፤ ካገኘህ የለመንኸውን እሰጥሃለሁ፣ ካጣህ አንተም ድንጋይ ትሸከማለህ አሏቸው። አያ ግንቡን አንድ ጊዜ ዞሩት። በማግስቱ ገበሬው ሁሉ ወደ ሞፈሩ የተመለሰው ያን ጊዜ በሰጡት መልስ ነው ይባላል።

«መላ አለው ጌታዬ፤ ገበሬውን እስከ መስከረም እዚሁ እንዲያቆዩለት ሱባኤ ይግባ።»