የአንዳርጌ ዝምታ

በእንኮይ ዳር ድግስ ላይ ደጋሹ ከእንግዳው ቀድሞ ይጎርሳል። እንግዳ መጠጥ ይዞ ሲመጣ ደጋሹ ብድግ ይልና አንድ ቁራጭ ጮማ ጎርሶ፣ ከመጣው መጠጥ ተጎንጭቶ፣ ያመጣው ሰው «ይበቃል» እስኪለው ድረስ ቃል ሳይተነፍስ ቆሞ ይቆያል። ይህ ሥርዓት የአንዳርጌ ዝምታ ይባላል፤ የአንዳርጌ የልጅ ልጆች ግን ስሙ ሲነሳ ዛሬም አንገታቸውን ይደፋሉ።

እንደሚነገረው አንዳርጌ የአገሩ ጠጅ ቀማሽ ነበር። እሱ ሳይቀምስ ጋን አይከፈትም፤ እሱ ፊቱን ካጨማደደ ደግሞ ባለቤቲቱ ዓመት ሙሉ የሰው መሳቂያ ናት። ነገር ሆዱ ውስጥ አያድርለትምና ፍርዱን ሁሉ የሚሰጠው በአደባባይ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር።

በዚያ ዘመን ኔሎ የሚባል ጣሊያናዊ ግንበኛ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ አገሩ ሳይመለስ ቀርቶ፣ ስንዱ የምትባል የመንደሩን ልጅ አግብቶ ይኖር ነበር። ካገሩ ያስመጣውን የወይን ቅርንጫፍ ከቤቱ በላይ ባለው ተዳፋት ተክሎ አምስት ክረምት ተንከባከበው ይባላል። ሰዉ በሥራው ቢወደውም «ፈረንጁ» ከማለት በቀር በስሙ አይጠራውም ነበርና፣ የመጀመሪያዋን እንስራ ቀይ ወይን ለአንዳርጌ ልጅ ሠርግ ተሸክሞ ሲወጣ «ከዛሬ ወዲያ የአገር ሰው ነኝ» ብሎ እንደነበር ስንዱ ኋላ ተናግራለች።

«ጋሼ፣ ይሄ በባዶ አፍ አይጠጣም፤ ስብ ይወዳል። የበግ ጎድን ይቅደምለት» አለ ኔሎ።

አንዳርጌ መጠጥ ምን አጃቢ ያስፈልገዋል ብሎ ሳቀና ተጎነጨ። ወይኑ እንደ ኮሽም ኮመጠጠው፤ ያልበሰለ ሙዝ እንደበላ ሰው ምላሱንና ድዱን ያዘው። በሠርገኛው ፊት እንትፍ አለ።

«ጌሾ በዝቶበታል! ማር አምጡና አድኑት!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ማሩ እንስራው ውስጥ ተገለበጠ፤ ጣፋጩና ጎምዛዛው ተጣልተው የሚጠጣው ሰው ጠፋ። ኔሎ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ጮማው ሲቀርብ አንዳርጌ በዋንጫው ግርጌ የቀረችውን፣ ማር ያልነካትን ወይን ጨለጣት። አፉ በስብ ተሞልቶ ነበርና ያ ሸካራ መጠጥ ስቡን አጥቦ ለዘበ፤ ከሥሩ የበሰለ ፍሬ ጣዕም ወጣ፤ ምላሱም ሌላ ጉርሻ ለመነ። ወዲያው ገባውና ፊቱ እንደ እሳት ጋለ። ሰዉ ሁሉ እዚያው ስለነበር ተነስቶ «ተሳስቻለሁ» ማለት ነበረበት። አላለም። ነገ እለዋለሁ አለ፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ ለከርሞ አለ። መንገድ ላይ ኔሎን ባየ ቁጥር ከሐፍረቱ የተነሳ በማሳው ዞሮ ያልፍ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ኔሎን ወባ ገደለው። በተዝካሩ ቀን ስንዱ ከባሏ እጅ የተረፈውን ወይን አወጣች። አንዳርጌ ማንም ሳይጠራው ተነሳ፤ ጮማ ጎረሰ፣ ተጎነጨ፣ ሊናገርም አፉን ከፈተ። ያ አገር የሚያውቀው ድምፅ እምቢ አለው። ይቅር ሊለው የሚችለው ሰው አፈር ውስጥ ነው፤ ለማን ይናገር? ዋንጫውን እንደያዘ፣ እንባው በጺሙ እየወረደ፣ ሰው ሁሉ እያየው ቆመ። ቁጭ በል የሚለውም አልተገኘ።

ብዙ ቆይታ ስንዱ «ይበቃል ጋሼ፤ ይቀመጡ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሥርዓት ሆኖ ቀረ ይባላል። ተዳፋቱ ላይ ዛሬ ወይን የለም፤ የሚመጣው ጠላም ሆነ አረቄ፣ ደጋሹ ጎርሶ፣ ቀምሶ፣ ዝም ይላል። የአንዳርጌ ዘሮች ብቻ ከሌላው ይለያሉ፤ እነሱ «ይበቃል» ከተባሉም በኋላ ቶሎ አይቀመጡም።