ሳጥኑ ላይ ያልተጻፈ ጥያቄ

አንዲት ሴት ኮምፒውተር ልትገዛ ወደ አንድ ሱቅ ገባች። ነገሩ የሆነው አዳማ ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ከተደረደሩት ትናንሽ ሱቆች በአንዱ። ሴትየዋ ወይንሸት ትባላለች፤ የተማሪዎች ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ባለሱቁ ይድነቃቸው የሚባል ወጣት ነው። ለጌም የሚሆኑ ኮምፒውተሮችን ራሱ እየገጣጠመ ይሸጣል።

"ለጌም የሚሆን ፈልጌ ነበር" አለችው። "ለወንድሜ ነው።"

ይድነቃቸው ከሁሉ የሚበልጠውን ትልቁን ጥቁር ሳጥን አሳያት፤ የማሽኑ ጉልበት በቁጥር በቁጥር ተጽፎበታል። ወይንሸት ሳጥኑን ዙሪያውን አየችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ሲጫወቱበት አያስቸግርም?" ብላ ጠየቀችው።

ይድነቃቸው ሳቀ። "ይሄ? ይሄን ደግሞ ምን ያስቸግረዋል! ደስ ያለሽን ጨዋታ ጫኚበት፤ አይንቀራፈፍም፣ አይግልም። ግራፊክስ ካርዱ ብቻውን የጎረቤቴን ፕሌይስቴሽን ሁለት ያህላል።"

"አይ፣ እኔ እንኳ..."

"ራሙ ሠላሳ ሁለት ጂቢ ነው፣ እህቴ። በሰከንድ መቶ ሃያ ምስል ያወጣል። የጎረቤቴ ዕቃ ስልሳ ካወጣ በዓል ነው!"

አያችሁ? እሷ የጠየቀችው ስለ ሰው ነበር። እሱ የመለሰላት ስለ ዕቃ ነው። ወይንሸትም ነገር የምትደጋግም ሴት አይደለችምና "እሱ ያውቃል" ብላ ገዝታው ሄደች።

ስንቶቻችን ነን ጥያቄውን ሳንሰማ መልሱን የሰጠን? ስንቶቻችን ነን ሰውዬው "አይ፣ እኔ እንኳ..." ሲል ንግግራችንን የቀጠልን?

ወይንሸት ሱቁ ውስጥ ልትናገረው ያልቻለችው ነገር ይህ ነበር። ወንድሟ ልዑልሰገድ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። እናታቸው ካረፈች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ጣውላ ቤት ይሠራ ነበር። ከሰባት ወር በፊት መጋዙ የቀኝ እጁን አራት ጣቶች ወሰደበት። ከዚያ በፊት፣ ከሥራ ሲወጣ ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ይል ነበር፤ በኳስ ጨዋታ የሚችለው ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ከክፍሉ መውጣት ተወ። ምሳ ሲቀርብ በሩን ሳይከፍት "ጠግቤያለሁ" ይላል። ማታም "ጠግቤያለሁ"።

በቀን የሚናገረው ቃል ሦስት፣ አራት ብቻ ሆነ። ወይንሸት ያስፈራት ይህ ነው። ሦስቱ ቃል ደግሞ አንድ ቀን ቢያልቅስ? ስለዚህ አሰበች፤ ከሁሉ የበረታውን ማሽን ባመጣለት ይወጣል አለች።

አልወጣም። ማሽኑን አየው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ወይኒ" አላት። በሩንም መልሶ ዘጋው።

በሦስተኛው ሳምንት ወይንሸት ወደ ሱቁ ተመለሰች። "ወንድምዓለም፣ ያ ማሽን አልሆነልንም" አለችው።

ይድነቃቸው ደነገጠ። የእሱ ማሽን? በገዛ እጁ የገጠመው? ሌላ ምንም አልጠየቃትም። መፍቻውን በኪሱ ከቶ ሱቁን ዘጋና ተከትሏት ሄደ።

ቤት ደርሶ ሳሎን ጥግ የቀረውን ማሽን ሰካው። ማራገቢያው ዞረ፤ መብራቱ በራ። "ይኸው!" አለ ይድነቃቸው። "ምን ሆነ ታዲያ?"

"ምንም አልሆነም" የሚል ድምፅ ከበስተኋላው መጣ። ልዑልሰገድ የክፍሉን በር ገርበብ አድርጎ ቆሟል። ቀኝ እጁ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው። "ዕቃው ደህና ነው። ብቻ ፍሪጅ ነው የሚመስለው።"

ይድነቃቸው ዞረ። "ፍሪጅ? ከፕሌይስቴሽን ጋር አወዳድረኸው ታውቃለህ?"

"አወዳድሬዋለሁ። ካርዱ ይበልጣል፤ አልክድም። ግን ለኮንሶል፣ ለፕሌይስቴሽን ማለት ነው፣ ጨዋታውን የሚሠሩት በዕቃው ልክ ነው። እንደ ወይኒ ዩኒፎርም፣ ለክተው። ያንተ ሰልባጅ ኮት ነው፤ ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ግን ለማን እንደተሰፋ አይታወቅም።"

"ሰልባጅ? ሰውዬ፣ በሰከንድ መቶ ሃያ ምስል!"

"ዓይንህ ስንቱን ይቆጥረዋል?"

"ካርዱ ሲያረጅ እቀይረዋለሁ። አንተ ኮንሶልህ ሲያረጅ ምን ታደርጋለህ? ትቀብረዋለህ?"

"እሱ እስኪያረጅ አንተ ሦስት ካርድ ገዝተህ ትደኸያለህ!"

ወይንሸት የውጪው በር ላይ እንደቆመች ቀረች። ከወንድሟ አፍ ይህን ያህል ቃል ከሰማች ሰባት ወር አልፏታል። ምን እንደሚባባሉ አልገባትም። እንዳያቆሙ ብቻ ፈራች።

ይድነቃቸውም ደስ ብሎታል። የሚከራከረው ሰው አግኝቷላ! "እንግዲያው ቃል አናብዛ" አለ። "ና ተቀመጥ፣ ራስህ ሞክረውና በዓይንህ እይ።" ማውሱንም ወደ እሱ ገፋለት።

ልዑልሰገድ ጠጋ ብሎ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። ጠረጴዛው ላይ፣ ማውሱ አጠገብ አስቀመጠው።

"በምኔ?" አለ።

ይድነቃቸው ስለዚያ ማሽን ሳጥኑ ላይ ለተጻፈው ነገር ሁሉ መልስ ነበረው። ይህ ግን ሳጥኑ ላይ አልተጻፈም። "አላወቅሁም" አለ። "ይቅርታ።" ወጥቶ ሄደ። መፍቻውን እንኳ ሳያነሣ ነው የሄደው፤ የወንድሟን ስምና የጣውላ ቤቱን ነገር ወይንሸት ደጃፍ ድረስ ሸኝታው ነገረችው።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ወደ ጎረቤቱ ገባ። ጎረቤቱ ምንተስኖት ፕሌይስቴሽን ቤት አለው። ሁለቱ "የእኔ ይበልጣል፣ የእኔ ይበልጣል" ሲባባሉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አንዱ የሌላውን ደፍ ረግጦ አያውቅም።

"ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?" አለ ምንተስኖት። "ባለ ፒሲው ኮንሶል ሊለምን መጣ?"

"አትሳቅብኝ። አንድ እጁ ብቻ የሚሠራለት ሰው በምን ይጫወታል?"

"ማን ነው?"

"ልዑልሰገድ የሚባል ልጅ ነው። ጣውላ ቤት ይሠራ የነበረ።"

ምንተስኖት ሳቁን አቆመ። "ልዑሌ? የእኔ ልዑሌ?" ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "ሌላ ቤት ለምዶ የተወኝ መስሎኝ ነበር። ተቀይሜው ነበርኮ።"

ከዚያ ተነሥቶ ከመሳቢያው አንድ ያረጀ ጆይስቲክ፣ በሁለት እጅ የሚያዘውን የጨዋታ መቆጣጠሪያ፣ አወጣ። "እዚህ ጆይስቲክ ሲያንስ ልጆቹ አንዱን ለሁለት ይይዙታል" አለ። "አንዱ በግራ በኩል ያስሮጣል፤ ሌላው በቀኝ በኩል ያቀብላል፣ ይመታል። ይጨቃጨቃሉ እንጂ ይጫወታሉ። ይሄ ያንተ ፍሪጅ ላይ ይሰካል?"

"ይሰካል።"

"ታዲያ ምን ቆመሃል?"

ወገኖቼ፣ እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ይድነቃቸው ክፉ ሰው ነበር? አልነበረም። ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። ማሽኑስ ደካማ ነበር? አልነበረም። የተናገረው ቁጥር አንዱም ሐሰት አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ "ወንድምሽ እንዴት ነው?" የሚል ጥያቄ። ምንተስኖትም ያንኑ ሳይጠይቅ ቀረ። ሰው ሲርቀው መቀየም ቀለለው።

እኛስ? እኛም እናወዳድራለን። የማን ልጅ የተሻለ ትምህርት ቤት ገባ እንላለን። የማን አዳራሽ ይሰፋል፣ የየትኛው ኅብረት ድምፅ ማጉያ ይበልጣል እንላለን። ያዘነ ሰው ቤት ስንሄድ እንኳ ያለንን ትልቁን ነገር ይዘን ነው የምንሄደው። ትልቁን ስጦታ፣ ረጅሙን ምክር፣ ረጅሙን ጸሎት ይዘን እንገባለን። አስቀምጠንለት እንወጣለን። ከዚያ "ይህን ሁሉ አድርጌለት ለምን አልተነሣም?" ብለን እናዝንበታለን።

በየቤታችሁ ምሳ ሲቀርብ "ጠግቤያለሁ" የሚል የለም? እውነት ጠግቦ ነው? ጠይቃችሁታል? ከጠየቃችሁስ መልሱን እስኪጨርስ ዝም ብላችኋል?

እግዚአብሔር ወደ እኛ ሲመጣ ብርታቱን ከሩቅ ሆኖ አልቆጠረልንም። መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። በጎደለንም አላሳፈረንም። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ በዚህ ሳምንት ወደ አንድ ሰው ሂዱ። ምንም ትልቅ ነገር አትያዙ። ጠይቁት። ግማሹን እሱ ይያዝ፤ ግማሹን እናንተ ያዙለት። የእናንተ ግማሽ ጎበዝ ላይሆን ይችላል። ግድ የለም፤ ያዙለት።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱ ባለሱቆች አብረው ወደ ወይንሸት ቤት ሄዱ። ጆይስቲኩን ሰኩት። ልዑልሰገድ ግራውን ያዘ። ቀኙን ግን ምንተስኖትም ይድነቃቸውም እንዲይዙለት አልፈለገም፤ እህቱን ጠራ። ወይንሸት "ኧረ እኔ ኳስ የት አውቅና!" ብላ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ጨዋታ ስድስት ለባዶ ተሸነፉ። ልዑልሰገድ "ወይኒ፣ ስልሽ ብቻ ነው የምትመቺው!" ብሎ ጮኸባት። ሁለተኛውን አራት ለአንድ ተሸነፉ። ከዚያ ምሳ ቀረበ፤ አራቱም አብረው በሉ።