የሐጅ ቡሽራ ውሃ ፈሪ ሰዓቶች

ልጄ ሱመያ ከረመዳን በፊት ባለው ወር፣ በሻዕባን ሞተች፤ አምስት ዓመቷ ነበር። ይህን ታሪክ በሰማች ቁጥር ትስቅ ስለነበር፣ እንደምትወደው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

በአንዲት የድንጋይ ቤቶች በሞሉባት ጥንታዊ ከተማ ሐጅ ቡሽራ የሚባሉ ሰዓት ሻጭ ሽማግሌ ነበሩ። ሞባይል ከመጣ ወዲህ ሱቃቸው ገዢ አጣ። ልጆቻቸው ከዒድ በኋላ ሱቁ እንዲዘጋ ወሰኑ። የልጅ ልጃቸው ረይሃና ግን ረመዳንን ብቻ ስጡኝ ብላ ለመነች።

ረይሃና ዋጋቸው ቀላል፣ ማሰሪያቸው ባለ ብዙ ቀለም የሆኑ ሰዓቶች አስመጣች። ለሴቶቹ ከሻሻቸው፣ ለወንዶቹ ከጫማቸው ጋር የሚሄድ ቀለም እየመረጠች ትሰጥ ነበር። በካርቶኑ ላይ የውሃ ጠብታ ሥዕል ስላየች በሱቁ በር ላይ «ውዱእ የማይፈራ ሰዓት» ብላ ጻፈች፤ ከሶላት በፊት ሲታጠቡ አይበላሽም ማለቷ ነበር። ወጣቱ ጎረፈ። ሐጅም ደስ አላቸው።

ዒድ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት ጅብሪል የሚባል ጎረምሳ መጣ።

«ሐጅ» አለ፣ ክንዱን እያሳየ፣ «የእኔ ሰዓት ዙህርን ሰግዶ ዐስርን ተወ።» ከቀትሩ ሶላት በኋላ፣ ከከሰዓቱ በፊት ቆሞበት ነበር።

ሐጅ ረይሃናን ሞክረሽዋል ወይ ብለው ጠየቋት። አልሞከረችም። አንድ አዲስ ሰዓት ከካርቶኑ አውጥተው በገዢዎች ፊት ሳህን ውሃ ውስጥ ነከሩት። ጥቂት ቆይቶ መስታወቱን ከውስጥ ላብ አለበሰው፤ ከዚያ ሰዓቱ ቆመ። ሽማግሌው ተነስተው ጽሑፉን ከበሩ ላይ ገነጠሉ።

ገዢዎቹ ሲወጡ ረይሃና አለቀሰች። ነገሩ ከዒድ በፊት ከተወራ ሱቁ መዘጋቱ እንደማይቀር ነገረቻቸው።

«አባባ፣ ሳምንት ብቻ ዝም እንበል።»

«ልጄ» አሏት፣ «ሻጭ የደበቀውን ውሃ ይናገረዋል። እኛ እንቅደመው።»

በማግስቱ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ኢማሙን አስፈቅደው ቆሙ። ሰዓቶቹ ቆንጆ ናቸው፣ ርካሽ ናቸው፣ ውሃ ግን ይፈራሉ፤ የቆመበት ሰው መልሶ ገንዘቡን ይውሰድ አሉ። መስጂዱ በሳቅ ተሞላ።

ከሰዓት በኋላ የመለሱት ሰባት ሰዎች ነበሩ። ሊገዛ የመጣው ግን ሱቁን አጣበበው። ጅብሪልም ከፊት ነበር።

«ፈሪነቱን ካወቅን እንጠነቀቅለታለን። ቀዩን ስጪኝ» አላት።

«ቀይ ለአንተ አይሄድም» አለችው ረይሃና፣ ዓይኗ ገና እንዳበጠ። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሰማያዊውን ወሰደ። በበሩም ላይ «ያምራል፣ ርካሽ ነው፣ ውሃ ይፈራል» የሚል አዲስ ጽሑፍ ተሰቀለ። ከዐስር በፊት ካርቶኑ ባዶ ሆነ። ልጆቻቸውም ሱቁን ስለመዝጋት ዳግም አላነሱም።

ሪዝቅ፣ የሰው እንጀራ፣ ከአላህ ነው። የሐጅ ቡሽራ ቃል የሚነግረን፣ እውነት ሪዝቅን እንደማያባርር ነው። ዕቃውን ከነነውሩ አውቆ የገዛ ሰው በሻጩ አይከፋም፤ ጉድለቱንም በፈገግታ ይሸከመዋል።

ዐስር ላይ ሐጅ ወጣቶቹ ሰዓታቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ውዱእ ሲያደርጉ አዩ። ከሱቁ መዶሻ አምጥተው፣ የፀሐይ መጥለቂያው ሶላት መግሪብ እስኪደርስ በመስጂዱ የውዱእ ግድግዳ ላይ ሰዓት የሚሰቀልበት ሚስማር በረድፍ መቱ፤ አንዱን ረድፍ ሕፃናት እንዲደርሱበት ዝቅ አድርገው።