ሹመትና ያረጀው ኮምፒውተር

አቶ ወንድይፍራው የቀበሌ ኃላፊ ሆነው በተሾሙ ሰሞን፣ በአንዲት ምላሰኛ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር አዲሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንዲጫንበት አዘዙ።

ጸሐፊዋም፣ «ጌታዬ፣ አርጅቷል እኮ፤ አዲሱን አይችለውም። ቢቆምብን ለመታወቂያ የተሰለፈውን ሕዝብ ምን እንለዋለን?» አለች።

ኃላፊው ተቆጡ። ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «እኔስ አላረጀሁም? ይኸው በስተርጅና ተሾምኩ፤ ምን ሆንኩ? እስቲ ተናገሪ!» ብለው አፈጠጡባት።

ጸሐፊዋ ጨነቃት። ሹመቱን አልቻሉትም ብትል ከእንጀራዋ ልትፈናቀል ነው፤ ችለውታል ብትል ኮምፒውተሩ አለቀለት።

ጥቂት አሰበችና አንገቷን ደፋ አድርጋ፣

«ኧረ እርስዎስ ምንም አልሆኑም፣ ጌታዬ። ኮምፒውተሩ ግን ከተሾመም በኋላ መሥራት አለበት» አለች።