በግራር ውሃ የማይቆመው ባቡር

ባቡር ኖሮት ሐዲድ የሌለው አንድ ሰው ነበረ።

ተቀመጥ ጥላዬ ወንድሜ። ትናንት ከቅዳሴ ስንወጣ የጠየቅኸኝ ነገር አላስቀመጠኝም። «ልጄን መልስልኝ ብዬ ዘጠኝ ዓመት ለመንኩት። ስለት አስገባሁ፣ ጾምኩ፣ ሰገድኩ። እግዚአብሔር ለምንድን ነው በእኔ ላይ ዝም የሚለው?» ነው ያልከኝ። ጥቅስ የሚጠቅሱልህ ብዙ ናቸው። እኔ የማውቀው የሐዲድ ዳር ኑሮ ነው፤ ከዚያው ልንገርህ።

ይህ ሰው አንድ ሞተርና ስድስት ፉርጎ ነበረው፤ መንገደኛ ይጭናል። ሐዲዱ ግን የሌላ ሰው ነው። ሐዲድ ደግሞ እንደ ጥርጊያ መንገድ አይደለም፤ ደስ ባለህ ሰዓት አትወጣበትም። መስመሩ አንድ ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው እየወጣ ከሆነ ተጋጭተው ያልቃሉ። ስለዚህ ባለባቡሩና ባለሐዲዱ ተቀምጠው ይዋዋላሉ። ባቡሩ በየትኛው ቀን ይሄዳል፣ በስንት ሰዓት ይነሣል፣ የትኛው ጣቢያ ላይ ስንት ደቂቃ ይቆማል፣ የዕቃ ባቡር ሲመጣ ማን ጎን ገብቶ ማንን ያሳልፋል፤ ይህ ሁሉ ይጻፋል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። ከዚያ በኋላ በውሉ ባልተጻፈ ጣቢያ ላይ የወለደችህ እናት ቆማ ብታለቅስ እንኳ ፍሬን አትይዝም።

ባቡሩ ከላይኛው ከተማ ወደ ታችኛው ከተማ ይመላለስ ነበር። መካከል ላይ ግራር ውሃ የምትባል ትንሽ ጣቢያ አለች። አንድ የውሃ ታንከር፣ አንድ የቆርቆሮ ዳስ፣ ፓፓያና ሎሚ ዘርግተው የሚሸጡ ሴቶች፤ ሌላ የላትም። ባለባቡሩ የተወለደው እዚያ ነው። እናቱ በሕፃንነቱ ሞታበት ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ ናት። እርሷም ከዚያች ጣቢያ ንቅንቅ ሳትል ቀርታለች።

ባቡሩ በግራር ውሃ አይቆምም ነበር።

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጣቢያዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ሰውየው የመጨረሻው ፉርጎ በር ላይ ይቆማል። እኅቱ ነጠላዋን አጣፍታ ከታንከሩ ሥር ትቆማለች። እጇን አታነሣም፤ ዝም ብላ ታያለች። እርሱም ያያታል። የሚተያዩበት ጊዜ «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር» እስኪባል እንኳ አይሞላም። ከዚያ ግራሩ ይጋርዳታል፤ አቧራው ይቀራል።

እንዲህ እየሆነ ዓመታት ሄዱ። አንድ ዓመት በምርኩዝ ቆማ አያት። በሚቀጥለው ዓመት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አያት። ፊቷን አልረሳም፤ በየሳምንቱ ያየው የለ? ድምፅዋን ግን ረሳው። ከሁሉ ያሳመመው ይህ ነበር። ፉርጎ ውስጥ አንዲት ሴት ልጇን ስትቆጣ ከሰማ ሥራውን ትቶ ያዳምጣል፤ «እኔንስ እንዲህ ነበር የምትቆጣኝ? ወይስ ከዚህ ወፈር ይል ነበር?» ይላል በሆዱ። አያገኘውም።

መንገደኞች ዝም አይሉትም። ግራር ውሃ ዘመድ ያለው ሁሉ ታችኛው ከተማ ወርዶ ግማሽ ቀን በእግሩ ወደ ኋላ ይመለሳልና። እርሱ ራሱ ግን «ባቡሬን ለማን ጥዬ» እያለ በእግሩ ሄዶ አያውቅም። አንዲት አፏ የማያርፍ የበርበሬ ነጋዴ ነበረች።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ጣቢያ ምን በደለችህ? እኛንስ ተወን፤ ለበርበሬው እዘንለት፤ በእኔ ጀርባ ስንቴ ይመላለስ!» አለችው።

«እኔ ምን ላድርግ እመቤቴ፣ ባለሐዲዱ አይፈቅድም።»

«እንዴት ያለ ልበ ደንዳና ነው!»

«ተይው እርሱን። ሰው መች ይታየዋል፣ ብረቱ ነው እንጂ የሚታየው።»

ፉርጎው በሞላ ባለሐዲዱን ይረግማል። ሰውየውም አብሮ ይተክዛል። እየዋሸ አይመስለውም ነበር። ብዙ ጊዜ ስለ ተናገረው አምኖታል።

ለባለሐዲዱ በየዓመቱ ማመልከቻ ይጽፋል። «ከጫማዎ ሥር ወድቄ፣ ደጅዎን ጠንቼ፣ ርኅራኄዎን ተማምኜ» እያለ ገጽ ሙሉ ይለምናል። የሚመጣለት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ውልህን ይዘህ ና።» በዚህ መልስ ይበግናል። «እኔ ስለ ሥጋዬ አለቅሳለሁ፣ እርሱ ወረቀት ይለኛል!» ይላል። አይሄድም። ውሉንም የተዋዋለ ዕለት ሳጥን ውስጥ ቆልፎበት ወዲያ ከፍቶት አያውቅም።

አንድ ማክሰኞ እኅቱ ከታንከሩ ሥር አልነበረችም። በሚቀጥለውም አልነበረችም። በሦስተኛው ማክሰኞ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ብብቷን ደግፈው አቁመዋት አያት። ያን ቀን ታችኛው ከተማ እንደ ደረሰ ቤቱ ገባ፤ ቁልፉ ቢጠፋበት ሳጥኑን በመዶሻ ሰበረው፤ ውሉን በደረቱ ይዞ ወደ ባለሐዲዱ ሄደ።

ባለሐዲዱ ሽማግሌ ነው። አላጉረመረመበትም፤ ወንበር ሳበለት።

«እስቲ ስለ ግራር ውሃ የተጻፈውን አንብብልኝ። ጮክ በል፤ ጆሮዬ ደክሟል» አለው።

ሰውየው ገለጠ። አሥራ አንደኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ፣ «የመንገደኛው ባቡር በግራር ውሃ ጣቢያ፣» ብሎ ቆመ።

«ቀጥል እንጂ።»

«ባለባቡሩ ራሱ በጠየቀው መሠረት አይቆምም። ለዘለዓለሙም አይቆምም።»

«ይቺን ‹ለዘለዓለሙ› ጸሐፊዬ አልጽፍም ብሎህ ነበር» አለ ሽማግሌው። «‹ውል ላይ ዘለዓለም አይጻፍም ጌታው› ቢልህ፣ ብዕሩን ነጥቀህ አንተው ጨመርካት። ጽሕፈቱ የማን እንደ ሆነ እይ።»

የራሱ ጽሕፈት ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉም ተመለሰበት። ባቡሩን ሊገዛ የተነሣ ሰሞን ጣቢያው ላይ ሰው ተሰብስቦ ሲመርቀው፣ እኅቱ፣ «ጉድ እኮ ነው! አህያ መጫን ያቃተው ልጅ ባቡር ሊጭን!» ብላ ቀለደች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እርሷም ሳቀች። ያሳደገች እኅት ሳቅ ነበር፣ ደስታው የበዛበት። እርሱ ግን እንደ ጦር ተቀበለው። ሳይሰናበታት ሄደ፤ በሳምንቱ ውሉን ተዋዋለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እርሱ የተወጋም የወጋም ነበር፤ ሁለቱንም ረስቶ ናፍቆቱ ብቻ ነበር የቀረው።

«ሰርዝልኝ ጌታዬ» አለ።

«አልሰርዝም።»

«እንዴት? ሐዲዱ የአንተ አይደለም?»

«ሐዲዱ የእኔ ነው፤ ቃሉ የአንተ ነው። አንተ በእጅህ የጻፍከውን እኔ ከሰረዝኩ ነገ የማን ቃል ቃል ይባላል?» ብሎ ሽማግሌው መሳቢያውን ከፈተና አንድ ወረቀት አወጣ። የውል ማሻሻያ ነበር። «አንቀጽ አሥራ አንድ ቀርቶ፣ የመንገደኛው ባቡር በግራር ውሃ አራት ደቂቃ ይቆማል» ይላል። ጫፉ ቢጫ ሆኗል። በግራ በኩል ባለሐዲዱ ፈርሞበታል፤ ማኅተሙም አለ። ቀኑ ሲታይ ሰባት ዓመት አልፎታል። በቀኝ በኩል ያለው መስመር ባዶ ነው።

«እኅትህ መጥታ ነበር» አለ ሽማግሌው። «በእግሯ። እርሷ ከሄደች በኋላ የዕቃ ባቡሩን ባለቤት አስጠራሁት፤ ‹ጎን ገብቼ አራት ደቂቃ እጠብቀዋለሁ› አለ። እኛ ሁላችን ጨርሰናል። የቀረኸው አንተ ነህ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ‹ባለሐዲዱ ፈቀደልኝ› ብለህ ትፈርም ነበር። ያቺ ሴት የምትጠብቀው የእኔን ፈቃድ መሰለህ?»

ሰውየው ብዕሩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። በሰዓት አክባሪነት ታውቆ የኖረ ሰው ነው፤ ታችኛው ከተማ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በእርሱ ባቡር መግቢያ ነበር። አራቷ ደቂቃ ይህን ስሙን ልትወስድበት ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ያ ሁሉ መንገደኛ ነው። ይህን ያህል ዘመን ባለሐዲዱን አስረግሞ፣ አሁን ምን ብሎ ፊታቸው ይቆማል? ወረቀቱን አየ። ሁለት ሰዎች ብብቷን ይዘው ያቆሟትን ሴት አሰበ።

ፈረመ።

በማክሰኞው፣ ግራር ውሃ ሳይደርሱ፣ ፉርጎ ለፉርጎ እየዞረ፣ «ይህችን ጣቢያ ዘግቼባችሁ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ባለሐዲዱ የለበትም» አለ። የበርበሬዋ ነጋዴ ጆንያዋን ወደ በሩ መጎተት ጀመረች። ባቡሩ ሲያዘግም ጣቢያው ተደናገጠ፤ ሎሚ ሻጮቹ አደጋ የመጣ መስሏቸው ዘርግተው የነበረውን እየጠቀለሉ ሸሹ። ሰውየው ሳይቆምለት ዘለለ። እኅቱ ከታንከሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አየችው።

«ምነው፣ ዛሬ ተበላሸባችሁ?» አለችው።

ያ የጠፋበት ድምፅ ይህ ነበር።

«አልተበላሸም እታለም» አለ። «ቆሞ ነው።»

አራት ደቂቃ ለምን ይበቃል? ሦስቱ በልቅሶ አለቀ። አራተኛውን እርሷ አገጩን ይዛ፣ «አንተ፣ እነዚያ ጥርሶችህ ወዴት ሄዱ? ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሚይዝህ?» ስትቆጣው ጡሩምባው ተነፋ። ሮጦ ተሳፈረ። የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ እንደ ዓመት ራቀበት።

እንግዲህ ጥላዬ፣ ባለሐዲዱ እግዚአብሔር ነው። ባለባቡሩ አንተ ነህ።

ልጅህ ተዋበች ያን አንተ ያልወደድከውን ሹፌር አገባለሁ ብላ የወጣች ዕለት፣ አጥሩ በር ላይ ክንድህን የያዝኩህ እኔ ነበርኩ። «በቁሜ ደጄን እንዳትረግጪ! ስሞትም ሬሳዬ ላይ እንዳትቆሚ!» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ራስህን አትነቅንቅብኝ፤ ብለሃል። በንዴት እንደ ነበር አውቃለሁ። ንዴቱ በርዷል፤ ቃሉ ግን አብሮ አልበረደም። ስትገዝታት ያልሰማ ጎረቤት የለም። ግዝቱን ስታነሣ የሰማ ግን አንድ ሰው አላውቅም። ልጅቱ እኮ ንቃህ አይደለም የቀረችው። አባቷ አትርገጪ ስላላት ነው። ዘጠኝ ዓመት የታዘዘችህ ልጅ ናት፤ አንተ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት «እግዚአብሔር አልፈቀደም» ትላለህ። በማኅበር ላይ ስትለው ሰምቼሃለሁ። ሰውም ከንፈሩን ይመጥልሃል።

ዝም አለኝ ትላለህ። ለመሆኑ ስትሰግድ፣ ግንባርህ መሬት ሲነካ፣ ያ የአጥሩ በር ፊትህ ላይ ድቅን አይልብህም? አይልብኝም በለኝ እስቲ።

አየህ። ያ ነው መልሱ። ዘጠኝ ዓመት ሲመልስልህ ኖሯል።

የእርሱ በኩል በመስቀል ላይ ተፈርሟል። የእርሷንም እናቷ ትነግርሃለች፤ በየፋሲካው ለእናቷ እየደወለች «አባዬ ደኅና ነው?» የምትለው ማን ሆነና ነው? አንተ ያልከውን እኔ አላነሣልህም፤ የነፍስ አባትህም ቢሆኑ አንተ ካልጀመርክ አያነሡልህም። ሽማግሌ ልላክም አትበል። ሽማግሌ የሚላከው የተጣሉ ሁለት ሲሆኑ ነው፤ እዚህ የተጣላህ አንተ ብቻ ነህ። መተሐራ ድረስ ሂድ፤ ከደጃፏ ቁም። «ይቅር ብዬሻለሁ» ብለህ ደግሞ እንዳታበላሸው፤ ይቅር የምትባልበት በደል የለባትም። «ያን ቀን ያልኩትን እኔው አንሥቼዋለሁ» በላት፤ ከዚህ ሌላ አትጨምር። ጎረቤቷም ይስማ።

እኔ እስከ ትናንት ድረስ ተዋበች እንድትመጣ ስጸልይልህ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ። የምጸልየው ስለ ጉልበትህ ነው፤ መናኸሪያው ድረስ እንዲያደርስህ።