የእርቅ ቀን ቀለበት

እኛ ደብር የምትነገር አንዲት አባባል አለች፤ ስትነገር ማንም አይስቅም። ሴቶቹ እንዲያውም እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ይሰበስባሉ። መነሻዋን ብጠይቅ ብጠይቅ የሚነግረኝ አጥቼ ቆይቼ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እናት አጫወቱኝ። አባባሏ መጀመሪያ በተነገረችበት ገበታ ላይ እሳቸውም ነበሩ።

ደብሪቱ የምትባል ባለጸጋ ሴት በልጇ ሠርግ ታላቅ እህቷን ዘርፌን፣ ልብሷ አርጅቷል ብላ፣ ከእንግዳ ለይታ ጓዳ አስቀመጠቻት። ዘርፌ ሳትቀምስ ወጣች። አራት ዓመት ተኳረፉ። በአምስተኛው እናታቸው በጠና ታመሙና፣ "ሁለቱ ሲጎራረሱ ሳላይ አፈር አልገባም" አሉ። ሽማግሌ ተላከ፤ ቀን ተቆረጠ።

በዚያው ሳምንት ደብሪቱ ባለ ፈርጥ የወርቅ ቀለበት ልታሠራ አንጥረኛው ጋሽ አንበርብር ዘንድ ሄደች።

"ለቀኝ እጄ፣ ለሌባ ጣቴ ነው" አለቻቸው።

"ፈርጡን ከወርቁ እኩል ላስተኛው ወይስ ከፍ ላድርገው?"

"ከፍ ነው እንጂ! ከማዶ ይታይ።"

"ልጄ፣ ከፍ ያለውን የሚይዘው የወርቅ ጥፍር ነው። ጥፍር ደግሞ ልብስ ይይዛል፣ ሰው ይቧጭራል። የተኛው ይሻልሻል።"

"እርስዎ ደግሞ! ጥጥ ልፈትልበት መሰለዎት?"

አንጥረኛው እንዳለችው ሠሩላት።

በእርቁ ቀን ደብሪቱ እንደ ደንቡ ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ ከእህቷ እግር ሥር ወደቀች። ዘርፌ ድንጋዩን አወረደችላት፤ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ብላም አለቀሰች። እናታቸው በትራስ ተደግፈው ያያሉ። የንስሐ አባታቸው መምሬ ይኄይስ ገበታውን ባርከው፣ "በይ፣ በዳይዋ አንቺ ነሽና ጀምሪ" አሏት።

ደብሪቱ ጉርሻ ጠቀለለች።

"እውነቱን ልንገርህ" አሉኝ ያጫወቱኝ እናት፣ "ከማጉረሷ በፊት ፈርጡ እንዲያበራ እጇን ወደ ብርሃኑ ገልበጥ አደረገች።"

እኔም እጄን ወደ ብርሃን እያዞርኩ ምጽዋት የሰጠሁባቸው ቀናት ታወሱኝና አንገቴን ደፋሁ።

ደብሪቱ እጇን መልሳ ስታጎርሳት የፈርጡ ጥፍር የዘርፌን ከንፈር ሰነጠቀው። ደም ጠብ አለ።

"ኧረ በስመ አብ! በእርቅ ገበታ ደም?" አለ አንዱ።

ደብሪቱ ደንግጣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ልትደብቅ ስትል ጥፍሩ ፈትሉን ያዘው። ብትስበው ባሰ። እጇ ከደረቷ ተጠፍሮ ቤቱ ሁሉ ያያታል። "እትዬ..." አለች። ያን ቀን ጓዳ መግባት የተመኘችው እሷ ነበረች።

ዘርፌ ጉርሻውን ከነደሙ ዋጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ "ተይ፣ አትጎትቺው፣ ነጠላሽ ይቀደዳል" እያለች ክሩን አንድ በአንድ አላቀቀችላት።

"አንቺስ አታጎርሻትም?" አሉ የታመሙት እናታቸው በደከመ ድምፅ።

ዘርፌ ቀለበት በማያውቅ እጇ አጎረሰቻት። ደብሪቱ ቀና ሳትል፣ እንባዋ እየወረደ ዋጠች። መምሬ ይኄይስም ገበታው ላይ የወደቀችውን የደም ጠብታ በመሐረባቸው እየጠረጉ፣ ለማንም ሳይሆን ቀስ ብለው፣ "ከፍ ያለ ፈርጥ እያጎረሰ ያደማል" አሉ።