እመት አትጠገብና የድብደባው ምርመራ

እመት አትጠገብ የፊታውራሪ ጓንጉል አክስት ነበሩ ይባላል። ምላሳቸውን የሚፈሩ መኳንንት ግብር ላይ ከአጠገባቸው ላለመቀመጥ ይሽቀዳደሙ ነበር።

የባልና ሚስት ድብድብ ስሞታ ቢበዛባቸው ፊታውራሪው፣ «ለመሆኑ አብዝቶ የሚማታው ባል ነው ሚስት? ተጣርቶ ይቅረብልኝ» ብለው ዳኛ ስሜነህን አዘዟቸው። ዳኛው በብልህነታቸው የታወቁ ነበሩ፤ በተለይ በራሳቸው ዘንድ።

ዳኛው የየቤቱን ባልና ሚስት ጎን ለጎን እያቆሙ፣ ባልየው ዱላውን እንደተመረኮዘ፣ ሚስትየዋን «ባልሽ ይመታሻል?» እያሉ ጠየቁ። ሚስቶቹ ሁሉ «ኧረ በጭራሽ!» አሉ። ዳኛው ደስ ብሏቸው «በአገራችን ሚስቱን የሚመታ ባል የለም» ሲሉ እመት አትጠገብ ከት ብለው ሳቁና፣

«በግም ጅቡ አጠገቧ ቆሞ ብትጠየቅ፣ ጅብ የሚባል አይቼ አላውቅም ትላለች» አሉ።

ፊታውራሪው «ለየብቻ ይጠየቁ» ብለው መለሷቸው። ዳኛው ለየብቻ ጠየቁ። አሁን ደግሞ ምቱን ብቻ ቆጠሩ፤ ማን በምን መታ፣ ማን ተሰበረ፣ ማን ሊያመልጥ ብሎ ገፈተረ የሚለውን ተዉት። በማማሰያ ጫፍ የተነካውም በሽመል የተፈነከተችውም አንድ አንድ ተባሉ። «ባልና ሚስት እኩል ይማታሉ» ብለው አቀረቡ። እመት አትጠገብ ብድግ ብለው፣

«እንግዲያው እኔ በዚህች በዝንብ ጭራዬ አንዴ ልምታዎት፣ የፊታውራሪ በቅሎም አንዴ ትርገጥዎት። ሲነሱ እኩል ነው ይሉናል፤ ከተነሱ» አሉ።

በዚሁ ሰሞን የዳኛው ሚስት ይታክቱ የተሰበረ ክንዷን በሻሽ ጠቅልላ እመት አትጠገብ ቤት ተጠጋች። ዳኛው «ሚስቴ ትመለስልኝ» ብለው ፊታውራሪው ፊት ቆሙ፤ ይታክቱና እመት አትጠገብም ተጠርተው ቀረቡ።

እመት አትጠገብ ያን ቀን አልሳቁም። «ክንዷን ማን ሰበረው?» አሉ።

«ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር አንድ ቀን ከሳኝ አታውቅም» አሉ ዳኛው። «ስሞታ ከሌለ ዱላ የለም። የመጀመሪያው ምርመራዬም ያለው ይህንኑ ነው።»

«ከመቃብርም ስሞታ መጥቶ አያውቅም፤ እዚያም ሰላም ነው ብለው ያስጽፉ» አሏቸው።

ይታክቱ ወደዚያ ቤት አልተመለሰችም፤ ምርመራውም ከዳኛው እጅ ወጣ። ፊታውራሪውን ለዚህ ውሳኔ ያበቃቸው ግን የአክስታቸው ቃል አልነበረም ይላሉ። ዳኛው በንዴት ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ «አንቺው ተናገሪ! አንድ ቀን እንኳ አቤት ብለሽ ታውቂያለሽ?» ቢሏት፣ ይታክቱ ቀና ብላ እንዲህ አለች፦

«ለማን አቤት ልበል፣ ጌታዬ? ዳኛው እርስዎ!»